ረቡዕ የተቀባው ሞራ

የተቃጠለ ካርቦን ምን እንደሚሸት ላልሸተተው ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ቀንድ እሳት ላይ ሲወድቅ የሚሸተው አለበት፤ ጀሪካን ሲነድ የሚሸተውም አለበት። ከሁለቱ ሥር ደግሞ ጣፋጭ የሚመስል፣ ምላስ ላይ ተለጥፎ የማይለቅ ነገር አለ። አጎቴ ኤሌክትሮዱን መጀመሪያ ያስነካው ቀን ከብየዳ ቤቱ ወጥቼ አጥር ሥር አስታወክሁ። ምሳዬ ሽሮ ነበር። እስከ ዛሬ ሽሮ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያውን ጉርሻ የምውጠው ትንፋሼን ይዤ ነው።

ብየዳ ቤታችን ሰቆጣ ውስጥ፣ ከገበያው ሽቅብ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ነው። በር፣ መስኮት፣ የመቃብር አጥር፣ የውሃ ሮቶ መቆሚያ እንሠራለን። ባለቤቱ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። ትምህርቴን አቋርጬ እሱ ዘንድ ከገባሁ አራት ዓመት አልፎኛል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ብዬ እጽፈዋለሁ። ድፍረቴ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

አጎቴ የደሃና ወረዳ ሰው ነው። አባቱ ሞፈርና ድግር ጠራቢ ነበሩ፤ እሱም እስከ ሃያ ዓመቱ ከመጥረቢያ በቀር ሌላ መሣሪያ አልያዘም። እጁ ዛሬም የእንጨት እጅ ነው። ብረት ሲቆርጥ «ልቡ በየት በኩል ነው?» ይላል፤ ሁለት ቱቦ አልገጥም ሲለው «አልበሰለም» ይላል። መሰርሰሪያው እንዳይግል የፍየል ሞራ ይቀባዋል፤ ሞራውን የሚያስቀምጠው በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። የዚያ ቆርቆሮ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንገሸግሸኝ ነበር። ላዩ ቢጫ ሆኗል፤ የብረት ፍቅፋቂ፣ ፀጉር፣ የሞተ ዝንብ አለበት። ጣቱን ይሰድበትና በዚያው ጣት ጆሮውን ያካል።

ልጅቷ ብስክሌቷን በትከሻዋ ተሸክማ የመጣችው አንድ ቅዳሜ ገበያው ሲሟሟቅ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሰቆጣ ነው፤ መቀሌ አክስቷ ዘንድ ሄዳ ስትማር ነው እሽቅድምድም የለመደችው። ብስክሌቱን አሠልጣኟ የነበረ ሰው ሙያውን ሲተው ትቶላት ነው። ከመቀሌ ስታመጣው የጭነት መኪና ላይ ጫኑት። ጫኙ ገመዱን የታችኛው ወፍራም ቱቦ ላይ አዙሮ፣ እግሩን አስደግፎ፣ ቆርቆሮ እንደሚያስር አድርጎ ሳበው። ሰቆጣ ሲወርድ ቱቦው መሀሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር።

«ይህን ልትሠሩልኝ ትችላላችሁ?» አለች።

አጎቴ በጥፍሩ አንኳኳው። «ብረት አይደለም።»

«አይደለም ጋሼ። ካርቦን ፋይበር ነው።»

«አሉሚኒየም በይኛ።»

«እሱም አይደለም። ጨርቅ ነው። የካርቦን ክር ተሸምኖ፣ ሙጫ ጠጥቶ የደረቀ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ ዐየኝ፤ ከእኔ ጋር ሆና የምታሾፍበት መስሎታል። «ጨርቅ ከሆነ ማዶ ሸማኔ አለልሽ።»

«ሸማኔውማ ወደ እናንተ ላከኝ።»

ሳቀ። አጎቴ ሳቀ ማለት ሥራውን ተቀበለ ማለት ነው። እኔ ግን እሷን ነበር የማየው። አልሳቀችም። ማክሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ መቀሌ መረጣ አለ፤ አንድ ክለብ አዲስ ተወዳዳሪዎች ይወስዳል። ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ አይቀበሉም። እሷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ይህን ሁሉ የነገረችን አንድም ጊዜ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ነው። «ቁልቁለቱ ላይ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሰዓት እንወርዳለን፤ ቱቦው ከለቀቀ በጥርሴ ነው የምቆመው» አለች። «እና ጥርሴን እወደዋለሁ።»

በብየዳ አይሆንም ብላን ነበር። አጎቴ ግን «የማይበየድ ነገር የለም፤ የማይችል በያጅ ነው ያለው» የሚል አባባል አለው፤ አባባል ያለው ሰው ደግሞ ካልሞከረው አይተኛም። ከሄደች በኋላ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ኤሌክትሮዱን አስነካው። ያን ሽታ የተዋወቅሁት ያኔ ነው። ሲበርድ ቱቦው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ጠርዙ እንደ ተቃጠለ ጋቢ ተኮማትሮ፣ ጥቁር ክሮች ወጥተውበት ነበር። እውነትም ጨርቅ ነው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዐየው። ከዚያ የተቃጠለውን ቦታ በእጁ ሸፈነው፤ ሰው መጥቶ እንዳያይበት።

መፍትሔውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ስናገር ያኮራኝ ነበር፤ አሁን አያኮራኝም። ስልኬ ላይ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አንድ ፈረንጅ ብረትና ካርቦን አጋጥሞ ብስክሌት ሲሠራ ዐየሁ። አይበይድም። የብረቱን ቱቦ ካርቦኑ ውስጥ ይሰካል፤ መሀላቸውን ሁለት ነገር ተደባልቆ በሚደርቅ ሙጫ ይሞላዋል። ብረቱ ይለጠጣል፣ ካርቦኑ ይቀልላል። ለአጎቴ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣልሁለት።

«ሞፈር ነዋ» አለ። «እርፉ ሞፈሩ ውስጥ ይገባል። ይኼንን ነው እንግዲህ በስልክ የምታየው?»

ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ጓሮ ከወዳደቀው ብረት መሀል ወንበርና መሪ የሌለው አሮጌ ብስክሌት ነበር፤ ቴላዮው፣ አጽሙ ማለቴ ነው፣ ከቀጭን ጠንካራ ብረት የተሠራ ነው። ከዚያ አንድ ቱቦ ቆረጠ። ከልጅቷ ብስክሌት ደግሞ የተጎዳውን የቱቦ መሀል በሴጌቶ መጋዝ ቆርጦ አነሣ፤ ከላይም ከታችም ክፍት የካርቦን ጉቶ ቀረ። ችግሩ ሁለቱ ጉቶዎች ቦታቸውን አይለቁም። ስለዚህ ብረቱ መጀመሪያ ላይኛው ጉቶ ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፤ ከዚያ ወደ ታች ተመልሶ፣ ከታችኛው ውስጥ አራት ጣት ያህል ገብቶ፣ ከላይም አራት ጣት ያህል ተርፎ መቆም። የበር መወርወሪያ እንደሚሄደው ማለት ነው። ይህን ያሰበው አጎቴ ነው። ብልህ ሐሳብ ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ብልህነት ነው።

የጉቶዎቹን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት የማሻከሩ ሥራ ለእኔ ደረሰ። የብረት ብናኝ ይከብዳል፤ ይወድቃል። የካርቦን ብናኝ አይወድቅም። ክንድ ላይ ይተከላል፣ አንገት ሥር ይገባል፣ ሲታጠቡት የበለጠ ይሰርጋል። በጨርቅ አፍንጫዬን አስሬም ለሦስት ቀን ንፍጤም አክታዬም ጥቁር ነበር። የአንሶላዬ መሀል የእኔን ቅርጽ ይዞ ጠቆረ። እናቴ አንሶላውን ለብቻው አጥባ፣ ከልብሷ ራቅ አድርጋ ሰጣችው። በዚያ ሳምንት ጣቴን ሳላሸት አልጎረስሁም።

በዚሁ መሀል ነው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የመጣው። ከየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አልጽፍም፤ እንደሱ ያለ ሰው በሁሉም አለ። በሚቀጥለው እሑድ የወጣቶች የፈጠራ ሥራ ይታያል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እንግዶች ከሌላ ቦታ ይመጣሉ። ሰውየው ብስክሌቱን በሞባይሉ ከስድስት አቅጣጫ አነሣው። አንዴም አልነካውም። «ካርቦንና ብረት፤ በሰቆጣ ልጆች እጅ» አለ፤ ባነር ላይ ሲጻፍ እየታየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ግጥም ትሞክራለህ አሉኝ። አንድ አጠር ያለች፣ ሞቅ የምታደርግ» አለኝ።

ገጣሚ ነህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቅኔ አልተማርሁም፤ ኮሌጅ አልገባሁም፤ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ በእርሳስ ነው የጀመርሁት። «ማይክ ይሰጥሃል» አለኝ። በዚያ ምሳ ሰዓት ብቻ ዐሥራ ሁለት ስንኝ ጻፍሁ። ሁለቱን እዚህ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ደብቄ ከማስቀምጣቸው ብዬ፦

ጥቁሩ ከፋይ ለባሽ፣ ብረቱ ሙሽራ፣
በሰቆጣ አምባ ላይ ተጋቡ በጋራ።

«በጋራ» ምን ማለት ነው? ለብቻው የሚጋባ አለ? ቤት እንዲመታ የገባ ሬሳ ነው። ያኔ ግን መፍጫው ሲጮህ እንኳ በልቤ እያነበብሁት እንደ ሰካራም ፈገግ እል ነበር።

ሙጫው ከወልድያ በሹፌር እጅ የመጣው ማክሰኞ ማታ ነው። ሁለት ቱቦ ነበር፤ አብሮት የታጠፈች ወረቀት አለች። ረቡዕ ጧት ወረቀቷን በስልኬ መዝገበ ቃላት እያመሳከርሁ ጮክ ብዬ ለአጎቴ አነበብሁለት። የሚጣበቀው ነገር ሻካራ ይሁን። ደረቅ ይሁን። ቅባት የሚባል አይንካው። ከተደባለቀ በኋላ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው ይለቅ። ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። አጎቴ ለእያንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። «ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ» ብሎ በጣቱ ቆጠረ። «ለእሑዱም ይደርሳል፤ ልጅቷም ሰኞ ትሳፈራለች።»

ደባለቅሁ። ቀባን። አጎቴ ብረቱን ላይኛው ጉቶ ውስጥ አስገባው፤ ግማሽ ሄዶ ቆመ። የእኔ ማሻከር በዝቶ ነው መሰለኝ ነከሰው። ወደ ላይም አይሄድም፣ ወደ ታችም አይመለስም። ሙጫው መሞቅ ጀምሯል። አጎቴ እግሩን የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስደግፎ ሳበው፤ ብረቱ ባዶውን ወጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ሙጫውን ከብረቱ ላይ በጨርቅ ጠረገ፤ ግራ እጁን ዘረጋ፤ ሳያይ፣ እንደ ለመደው፣ የወተት ዱቄቱን ቆርቆሮ አገኘው። ሁለት ጣት ሞራ አነሣ። ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እየዞረ፣ ባባቱ አቀባብ ቀባው። ከዚያ አዲስ ሙጫ በላዩ ደረበበትና አስገባው።

ሰተት ብሎ ገባ። ተመለሰ። ቆመ። «እንዲህ ነው እንጂ» አለ አጎቴ። «ያለ ሞራ ማን ይግባባል?»

ዐይቻለሁ። ሞራው ብረቱ ላይ ሲነጣ፣ ሙጫው በላዩ እንደ ውሃ ሲንሸራተት፣ ዐይቻለሁ። ወረቀቷ በእጄ ነበረች።

አጎቴ ከዚያ ምን አደረገ? ረቡዕ ጾም ነው። የፍየል ሞራ የነካ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ሸተተው፤ አልበቃውም፣ በዐመድ አሽቶ እንደገና ታጠበ። ጣቱን አንድ በአንድ በነጠላው ጫፍ አደረቀ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው፤ ለጾሙ ሲል ከእጁ ላይ አንድ ጠብታ ቅባት አላስቀረም። ብረቱን ግን ማንም አላጠበውም።

ለምን ዝም አልሁ? ሙጫው እየደረቀ ነበር፤ ይህ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ምክንያት አልነበረኝም። አጎቴን ማረም ከባድ ነው፤ እውነት ነው፤ በእኛ ዘንድ እንጀራውን የበሉለትን ሰው «ተሳሳቱ» አይሉትም። ግን እኮ «ጋሼ፣ ወረቀቷ ቅባት አይንካው ትላለች» ማለት ስድብ አይደለም። እውነቱ ሌላ ነው። ከተፈታ ለእሑድ አይደርስም፤ ለእሑድ ካልደረሰ ማይክ የለም። ሐሙስ ተነሥቼ ይህን አውቀዋለሁ። ዓርብ ተነሥቼ አውቀዋለሁ። ሙዝ ልጦ ልጣጩን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ዞር ብሎ ማን እንደሚወድቅበት እንደሚጠብቅ ሰው ሆንሁ።

ሐሙስ ልጅቷ መጥታ ነበር። ብስክሌቱ ማዕዘን ላይ ተሰቅሎ ዐየችው፤ በእጇ መዘነችው። «ትንሽ ከበደ» አለች፤ «ግን ይሄዳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ያዘ፣ ሓወይ?» አለችኝ። ሓወይ በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው፤ መቀሌ የለመደችው ነው፤ ሁሉንም ሰው እንደዚያ ነው የምትለው።

«ይይዛል» አልሁ። አፌ ውስጥ የዚያ የተቃጠለ ካርቦን ጣዕም መጣ።

ዓርብ ሰውየው ቀለም ላከ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። መጋጠሚያው «አያምርም» አለ። እኔ ራሴ ቀባሁት፤ ከላይና ከታች መገጣጠሚያው እንዳይታይ ሁለት ሁለት ጊዜ። ስቀባ ሞራው ይሸተኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። ከጣውላ የተሠራ ኤክስካቫተር ነበር፤ በሲሪንጅ ውሃ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ ሁሉ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር እውነተኛ። ባነሩ ላይ የሰቆጣ ስም በሁለት ዓይነት ፊደል አጻጻፍ ተጽፏል። ፊት ወንበር የተቀመጡት እንግዶች የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ፤ ከኋላ የቆምነው እናያቸዋለን። ፕሮግራሙ እንዲህ ነው፦ እኔ ግጥሙን አነባለሁ፤ ሳበቃ ልጅቷ ከላይ ከአደባባዩ ጀምራ ቁልቁል ኮብልስቶኑን ትወርዳለች፤ ካሜራው ድንኳኑ ፊት ይቀበላታል።

ፀሐዩ ይጋረፍ ነበር። ብስክሌቱ ከመድረኩ አጠገብ ቆሟል፤ እሷ መሪውን ይዛለች። ወረቀቴን ይዤ ስወጣ ዝንቦቹን ዐየሁ። የዝንብ ጉዳይ ለሰቆጣ ሰው አዲስ አይደለም፤ ግን ዝንብ በዘፈቀደ ነው የሚያርፈው። እነዚህ በዘፈቀደ አላረፉም። ብስክሌቱ ሁለት ቦታ ብቻ፣ የብረቱ ሁለት ጫፍ ላይ፣ ልክ መጋጠሚያው ባለበት፣ እንደ ቀለበት ከብበውታል። ሌላው ቦታ ላይ አንድም የለም። እሷ በእጇ እፍ እፍ ታደርጋቸዋለች፤ ይነሣሉ፤ ተመልሰው እዚያው።

«ምን ሽቶ ቀባችሁልኝ?» አለችኝ ዝቅ ብላ፣ እየሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ጥርሶቿ ትንንሽ ናቸው፤ አንደኛው ትንሽ ዞር ብሏል።

ማይኩ አፌ ላይ ነበር። «ጥቁሩ ከፋይ» ድረስ አንብቤያለሁ። ከዚያ አልወጣልኝም። ጀግንነት ነው ብዬ አልጽፍም፤ ማስመለስ ይመስል ነበር፤ ሲመጣ አያስፈቅድም። ማይኩን አስቀመጥሁ። ወረድሁ። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እንደ ጭቅቅታም ጨርቅ ጠመዘዝሁት።

ዞረ። ሦስት ቀን ደርቆ ብረት መሆን የነበረበት ነገር በእጄ ውስጥ እርጥብ ድምፅ እያሰማ ዞረ። ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ ከስንጥቁ ሥር ነጭ ሞራ ተጨምቆ ወጣ፤ ሙቀቱ አቅልጦት ነበር። ሽታው የዐራት ቀን የፍየል ስብ ነው። ፊት ወንበር የነበረች ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ሰውየው ከጎኔ መጥቶ በጥርሱ መሀል «ካሜራ እኮ እየቀረጸ ነው» አለኝ።

አጎቴ ከሕዝቡ መሀል ወጣ። ብረቱን ዐየ። ጣቱን ሰደደ፤ ነካ፤ አሸተተ። የራሱን ሽታ ነው ያሸተተው። ፊቱ ሲለወጥ ዐየሁ፤ ብዙ ዓመት ያረጀ መሰለኝ።

«ዐይተህ ነበር?» አለኝ።

«ዐይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ረቡዕ። ሲቀቡት።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

አጎቴ ምራቁን ከእግሬ አጠገብ ተፋ፤ እኔ ላይ አይደለም፤ አጠገቤ። «እኔ ባላውቅ አልተማርሁም» አለ። «አንተ ያነበብህልኝ ምን ልታደርግበት ነው?» ብሎ ሄደ።

ልጅቷ መሪውን አልለቀቀችም። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቀን እየቆጠረች ነው። እኔም ከእሷ ጋር ቆጠርሁ። ዛሬ ቢፈታ፣ ነገ ቢጣበቅ፣ ሐሙስ። መረጣው ማክሰኞ።

«ረቡዕ ብትነግረኝ፣ ሐሙስ ተጣብቆ፣ ዛሬ ማታ ይደርቅ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ሐሙስ ‘ይይዛል’ ብለኸኛል።»

«አዎ።»

«ሐሙስ አፍህ የት ነበር?»

የግጥሜ ወረቀት በኪሴ ነበር። እሷ ብስክሌቱን እንደ መጀመሪያው ቀን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ በድንኳኑ ጀርባ ወጣች። ዝንቦቹ ተከትለዋት ሄዱ።

ሰኞ ጧት የመቀሌው መኪና ያለ እሷ ሄደ። ሦስት ሰዓት ላይ ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ብስክሌቱ ጭኗ ላይ ነው። አጎቴ ከእኔ ጋር አይነጋገርም ነበር፤ ከእሷ ጋር ግን ተነጋግረው ጨርሰዋል። «ይሥሩት አልኋቸው» አለች ወደ እኔ ሳታይ። «መረጣ ባይኖርም ብስክሌት ነው።»

ሞራውን ማውጣት ከማስገባቱ የከፋ ነው። በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ በዱላ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ፤ በመጨረሻም አጎቴ ከቤቱ ባመጣው ዳግም አረቄ። አረቄውና የሻገተው ስብ ሲገናኙ የሚወጣው ሽታ ሌላ ዓለም ነው። ለማጽዳት ስጠጋ ልጅቷ እጄን መለሰችው። «አንተ አትንካው» አለች። ራሷ አጸዳችው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ፤ ከዚያም ሌላ ጨርቅ ጠይቃ እንደገና። እኔ ቆሜ ጨርቅ አቀብላታለሁ። አጎቴ የብረቱን ጎን ትንሽ በሞረድ ቀነሰለት፤ ያለ ሞራ ሰተት እንዲል። ይኼው ነበር የሚያስፈልገው፤ ዐሥር ደቂቃ ሞረድ።

ሙጫውን የሚደባልቁበት ንጹሕ ነገር ፈለጉ። ካርቶኑ ሁሉ ዘይት ነክቶታል። አጎቴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ከእሑድ ወዲህ ወደ እኔ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ነው። «ንጹሕ ወረቀት።» ብየዳ ቤቱ ውስጥ ንጹሕ ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ በኪሴ። ሰጠሁት። ጀርባው ላይ ሁለቱን ቱቦ ጨምቆ በምስማር አማሰለው። ሙጫው ወረቀቱን ሰርስሮ፣ ፊደሎቹ ተገልብጠው ታዩ። እስኪጨርሱ ዐየሁት። አሁንም መስኮቱ ላይ አለ፤ ድንጋይ ሆኖ። ዐሥራ ሁለቱም ስንኝ ውስጡ አሉ፤ ምስማሩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቀለም አልቀባነውም፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ብረቱም ብረት፤ መጋጠሚያው ላይ የሙጫው ክር ይታያል። ተሸክማ ወደ አደባባዩ ወጣች፤ እኔን «ና» አለችኝ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስንደርስ ብስክሌቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«መጀመሪያ አንተ።»

«እኔ እንደዚህ ያለውን ነድቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

ወጣሁ። ኮብልስቶኑ ከመቀመጫው እስከ አገጬ ድረስ አንቀጠቀጠኝ። ጥርሴ ይጋጭ ነበር፤ በሕይወቴ ጥርሴን እንደዚያ ቆጥሬው አላውቅም። አንድ ሴት አህያዋን ከመንገድ እየጎተተች ረገመችኝ። ፍሬኑን ሳልለቅ፣ እንደ ፈሪ፣ ታች ደረስሁ። ብረቱ አልዞረም። ወርጄ ተንበርክኬ መጋጠሚያውን ዳሰስሁት፤ ከዚያ አሸተትሁት፤ ከላይም ከታችም። ሙጫ ብቻ ነበር የሚሸተው።

እሷ በእግሯ ተከትላኝ ወርዳ ነበር። ብስክሌቱን ተቀበለችኝ።

«ሸተተህ?» አለች።

«አይሸትም። ጸድቷል።»

እግሯን አሻግራ ተቀመጠች፤ የላይኛውን መጋጠሚያ በአውራ ጣቷ አንዴ አሸት አደረገችው።

«እኔን ይሸተኛል» ብላ፣ በኮረም መንገድ ሄደች።